መሳቢያ ውስጥ የቀረ የሙከራ ውጤት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ!

ባለፈው ክረምት ከአንድ የሙያ ጓደኛዬ ጋር ሻይ ይዘን ስንጨዋወት፣ የእኔ መሥሪያ ቤት ሦስት ወር የደከመበትን የፋየርዎል፣ የኔትወርክ መከላከያ ማለት ነው፣ ሙከራ እነሱ ከዓመት በፊት ጨርሰውት እንደነበር ሰማሁ። ምርቱ ያው፣ ጉድለቱም ያው፦ የተመሰጠረ ትራፊክ መፈተሽ ሲጀምር ፍጥነቱ ያሽቆለቁላል። ሪፖርታቸው መሳቢያ ውስጥ ነው። የእኛም እንደዚያው።

«ምነው ሳትነግረኝ?» አልኩት። «ውሉ ይከለክላል» አለኝ።

ቢሮ ስመለስ የራሳችንን ውል አውጥቼ አነበብኩ። እንዲህ ያለ ክልከላ የለበትም፤ ሁላችንም አለ ብለን ዝም ብለን ነበር። በእርግጥ የሚከለክሉ አሉ። የማካፊ ጸረ ቫይረስ አምራች የነበረው ኔትወርክ አሶሺየትስ ደንበኞቹ ያለ ፈቃዱ ግምገማ እንዳያወጡ ይከለክል ነበር፤ የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2002 ከሶት፣ በ2003 ፍርድ ቤት ክልከላውን አስቆመው። ያ ፍርድ እኛ ዘንድ አይሠራም። ሐረጉ ይውጣልን ብሎ ከፊርማ በፊት መደራደር ግን በእጃችን ነው።

ጸረ ቫይረሶችን የሚፈትሹት የኢንስብሩኩ ኤቪ-ኮምፓራቲቭስና የማግደቡርጉ ኤቪ-ቴስት ውጤታቸውን በይፋ ያወጣሉ፤ አነባቸዋለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። ነገር ግን በአማርኛ የተጻፈ የማጭበርበሪያ ኢሜይል የትኛውን ማጣሪያ እንደሚያልፍ ከእነሱ አላገኝም። እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራ የደመወዝ ፕሮግራም «ቫይረስ ነው» ብሎ የሚሰርዘው የትኛው ነው? ዝማኔ እየጫነ መብራት ቢጠፋ የትኛው በደህና ይነሳል? ይህን የምታውቁት እዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁት ናችሁ፤ ሌላ የሚነግረን የለም።

«ውጤታችንን ማካፈል ለአጥቂ መንገድ መጠቆም ይሆናል» የሚሉ አባላት አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። የኔትወርካችን አቀማመጥና የፋየርዎል ደንቦቻችን ከቤት አይወጡም፤ አዲስ ክፍተት ከተገኘም አስቀድሞ ለአምራቹ ይነገራል፣ መጠገኛ ጊዜም ይሰጠዋል። የምርቱ ጠባይ ግን ይውጣ፤ ከነስሪት ቁጥሩ፣ ከነቀኑ፣ ከነአሞካከሩ። አደራ፣ 68 ቁምፊ ያላትን፣ ጉዳት የሌላትን የኢካር መሞከሪያ ፋይል ጥሎ «ያዘው» ማለት ሙከራ አይባልም፤ እሷ የምትነግረን ጸረ ቫይረሱ ሥራ ላይ መሆኑን ብቻ ነው።

በየጠረጴዛችሁ የሙከራ ውጤት የምናካፍልበት ባለ አንድ ገጽ ቅጽ ተቀምጧል፤ ከምሳ በኋላ እንወያይበታለን። የመጀመሪያውን፣ የዚያን ፋየርዎል፣ አለቆቼን አስፈቅጄ እኔ ሞልቼዋለሁ።

ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል።