ከተቆለፈው ክፍል የተሰማ ሳቅ

ሰላም፣ እንደምን አመሻችሁ። የምቀርጸው አራት ኪሎ ካለችው ቤቴ ነው፤ የቆርቆሮው ላይ ዝናብ ድምፄን ቢሻማው ታገሡኝ።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይህ ሁሉ እውነተኛ ፍርሃት እያለ፣ ስለ ጨለማ ግንብና ስለ ደም መጣጭ መኳንንት የምታነቢው ምን ጎድሎብሽ ነው?» አለኝ። ጎቲክ ልብ ወለድ የሚባለውን፣ የጨለማ ግንብና የተቆለፈ በር ታሪክ ማለቱ ነው። ምን እንደጎደለኝ እንጃ፤ ፍቅሩ ከየት እንደጀመረኝ ግን አውቃለሁ።

እቴቴ የምንላት አያቴ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ነበራት። ሐሙስ ማታ ከጓዳው ቀጥላ ያለችውን ክፍል ከውስጥ ትቆልፋለች። እጣን ይሸታል፣ ቡና ይሸታል፤ ከሁሉም በላይ ለሠርግ እንኳ የማትቀባው ሽቶ ይሸታል። ማን እንዳለ ስጠይቃት «እንግዳ አለብኝ» ትለኛለች፤ እናቴ ደግሞ ታማትባለች። አንድ ማታ በቁልፉ ቀዳዳ አጮለቅሁ። ጀርባዋንና ከፊት ለፊቷ የተቀመጠ ባዶ ወንበር አየሁ። ትስቅ ነበር። ከባሏ ጋር እንደዚያ ስትስቅ አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም።

ስለ ዛር የሚነገረውን ተረት የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ ሳሳችና በጣም የሚያምሩትን 15ቱን ደበቀች። እነሱም እንደተሰወሩ ቀሩ፤ ዛሮች የእነሱ ዘር ናቸው ይባላል። ሰው ቆንጆዎቹን ደበቀ እንጂ አስቀያሚዎቹን አልደበቀም! ጎቲክ ልብ ወለድም የሚይዘኝ እዚህ ላይ ነው። የተቆለፈው በር በፍርሃት የተቆለፈ ይመስላል፤ ቀስ እያለ ግን ከበስተጀርባው ሳስተው የሸሸጉት ሰው ይወጣል።

ለዚህ ነው የዛሬዎቹን አንዳንድ ድርሰቶች የማልወዳቸው። ደም መጣጩ መልከ መልካም ጎረምሳ ብቻ ሆኖ ያርፈዋል። የማያስፈራ ከሆነ ልጅቷ በሩን ስትከፍት ልቤ ለምን ይመታል?

ለእነዚህ ታሪኮች መወለድ የአየር ጠባዩም ድርሻ አለው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሚያዝያ 1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱና ጋዙ ፀሐይን ጋርዶ የ1816 የአውሮፓ በጋ ዝናብና ብርድ ሆነ። በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ከቤት መውጣት ያቃታቸው ወዳጆች የመናፍስት ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። የ18 ዓመቷ ሜሪ ሼሊ በ1818 የታተመውን ዝነኛ ልብ ወለዷን «ፍራንከንስታይን»ን የጀመረችው ያኔ ነው። በ1819 የታተመው የመኳንንት ዝርያ ደም መጣጭ ታሪክም መነሻው ያው ቤት ነበር። ለእነሱ አንድ ጊዜ የመጣው እንዲህ ያለ ክረምት ለእኛ በየዓመቱ ይመጣል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሻማው ምርቃት ነው።

የጎቲክ ታሪክ የድሮ ዘመን መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። አምፖል በበራበት ክፍል ውስጥ ባዶ ወንበር ባዶ ወንበር ነው።

የእቴቴ ቤት ዛሬ የለም። ዕቃው ሲወጣ እኔ የወሰድሁት ከዚያች ክፍል የተገኘችውን ትንሽ ጠረጴዛ ነው። አሁን ማይክሮፎኑ ላይዋ ነው። የተቀባችው ሰም ቢለቅም የስኒ ክቦቹ አልለቀቁም፤ በእሷ በኩል አንድ፣ በወዲያኛው በኩል አንድ።