ፕሪዘርቫቲቭ ገብቶበት ለምን ይበላሻል?

እንደምን ዋላችሁ። አብዛኞቻችሁ ላርጎ፣ ሻምፑ ወይ የውሃ ቀለም አምራች ስለሆናችሁ ሽታው የተቀየረ ጀሪካን ምን እንደሚመስል እኔ አልነግራችሁም። ፕሪዘርቫቲቭ፣ እንዳይበላሽ ብለን የምንጨምረው ኬሚካል ማለት ነው፣ እያለበት ሲበላሽ ግን ሁላችንም መጀመሪያ የምንለው "ኬሚካሉ ፎርጅድ ነው" ነው፣ እሱም አይጠፋም መቼም፣ ግን ብዙ ጊዜ ባክቴሪያው ለምዶት ነው።

ሱዶሞናስና በርክሆልዴሪያ የሚባሉትን ባክቴሪያዎች ያዙልኝ፣ እርጥብ ነገር ካገኙ ሌላ ብዙ አይጠይቁም። ሽፋናቸው ላይ የገባውን መርዝ መልሶ የሚተፋ ፓምፕ አላቸው፣ ፓራቤን የሚባለው ፕሪዘርቫቲቭ ሲመጣ በኤንዛይም ይቆርጡታል፣ ፎርማልዴሃይድንም ወደማይጎዳቸው ነገር የሚቀይሩ አሉ። በ1979 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ላይማ ሱዶሞናስ ሴፓሲያ፣ ዛሬ በርክሆልዴሪያ የምንለው ማለት ነው፣ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ያለበት የጨው ውሃ ውስጥ 14 ዓመት ቆይቶ በሕይወት ተገኝቷል። ይገድለዋል የተባለው ነገር ውስጥ 14 ዓመት!

ጉልበቱን የምንሰጠው ደግሞ እኛው ነን። ማታ ሮቶውን አጥባችሁ ትሄዳላችሁ አይደል፣ ቱቦው መታጠፊያ ላይ የቀረው እጣቢ ግን ትንሽ ሳሙናና ትንሽ ፕሪዘርቫቲቭ ይዞ ያድራል፣ ያቺ ትንሽ ደካማዎቹን ትገድልና ጠንካራዎቹን ትተዋቸዋለች፣ እነሱ ተራብተው ግድግዳው ላይ የሚያዳልጥ ሽፋን ይሠራሉ፣ ባዮፊልም የሚባለው ነው፣ ከዛ የነገው ባች፣ በአንድ ዙር የምታመርቱት ማለት ነው፣ በላያቸው ሲያልፍ ይዟቸው ይወጣል። ስለዚህ የተበላሸ ባች ላይ ፕሪዘርቫቲቭ ደርቦ መሸጥ የሚባለውን ነገር ተዉት፣ የተረፈውን መርጦ ማርባት ነው።

ዶዝ ማጓደል ትልልቆቹንም ይጥላል። ኮልጌት ፓልሞሊቭ በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፋቡሎሶ የሚባለውን የቤት ማጽጃ ወደ 4.9 ሚሊዮን ጠርሙስ ሪኮል አድርጓል፣ መልሶ ሰብስቧል ማለት ነው፣ ምክንያቱ ፕሪዘርቫቲቩ በታሰበው መጠን ስላልገባ ሱዶሞናስ ሊበቅልበት ይችላል ተብሎ ነው። እሱ እንኳን መልመድ ሳይሆን መጠን ማነስ ነው፣ ግን በክዳን ገምቶ የሚጨምር ሰው እዚህ ካለ ሚዛን ይግዛ።

ቱቦውን ፈታችሁ አፍስሱ፣ አድርቁ። ላብራቶሪ ቻሌንጅ ቴስት፣ ሆን ብሎ ባክቴሪያ ጨምሮ ፕሪዘርቫቲቩ ይገድለው እንደሆነ ማየት ማለት ነው፣ ስታሠሩ ደግሞ የእነሱ ባክቴሪያ የእናንተን ፕሪዘርቫቲቭ አይቶ አያውቅም፣ በቀላሉ ይሞታል፣ እናንተም ተደስታችሁ ትመለሳላችሁ። ከራሳችሁ የተበላሸ ባች የወጣውን ጨምረው እንዲሞክሩበት ጠይቁ፣ ትንሽ ያስከፍላል እንጂ ይሠራል። እሺ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።