ሦስት መቶ ወንበር ያላት ቀበሌ

አስቴር፦ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምንወያየው ሚያዝያ 6 እና 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በሁለት እሑዶች ስለተካሄደው የአካባቢ ምርጫ፣ በተለይም በገጠር ስለታየው ውጤት ነው። ጋሽ ይልማ፣ ከቁጥሩ ብንጀምርስ?

ይልማ፦ ከቁጥሩ በፊት ከአክስቴ ልጀምር።

አስቴር፦ አክስትዎ እንደሚመጡ ጠርጥሬ ነበር።

ይልማ፦ አክስቴ የሚኖሩት ደቡብ ወሎ ገጠር ውስጥ ነው። በዚያን ሰሞን ደወሉልኝና፣ «ልጄ፣ በቀበሌው ምክር ቤት ወንበር አግኝተዋል ብለውኛል፤ እስካሁን ግን ወንበሩን ያመጣልኝ የለም» አሉኝ። መቀለዳቸውን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አንድ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ሲደረግ፣ በእሳቸው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የነበሩት የእንጨት ወንበሮች ግን አምስት ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያው ጉባኤ የተካሄደው በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ተመራጩ ሁሉ ድንጋይ እየፈለገ ተቀምጦ ነው።

አስቴር፦ ወደ ውጤቱ ልመልስዎት። በአገር አቀፍ ደረጃ ከነበሩት 3.6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫዎች ውስጥ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያልያዟቸው አምስት ብቻ ናቸው።

ይልማ፦ ይህንኑ ለአክስቴ ብነግራቸው፣ «እነዚያማ እኛ ጽሕፈት ቤት ያሉት ናቸው» አሉኝ።

አስቴር፦ (ሳቅ) ነገር ግን 33 ፓርቲዎች የውድድሩ ሜዳ እኩል አይደለም ብለው ራሳቸውን አግልለዋል። ሜዳውን ትተው ከወጡ በኋላ ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ምን ይገርማል?

ይልማ፦ ቢቆዩስ ኖሮ? አንቺ የድምፁን ቆጠራ ታያለሽ፤ እኔ ግን ነገሩ ያለቀው ዕጩ ሲመዘገብ ነው እላለሁ። በአንድ ወረዳ ሃያ ቀበሌዎች ቢኖሩና በእያንዳንዱ 300 መቀመጫ ቢኖር፣ ሁሉንም ለመወዳደር የፈለገ ፓርቲ 6,000 ዕጩዎች ያስፈልጉታል። ይህንን ያህል ሰው በየጎጡ ማሰለፍ የሚችለው አስቀድሞ በየመንደሩ አባላት ያሉት ፓርቲ ብቻ ነው። ደግሞስ ማዳበሪያውን፣ ሴፍቲኔቱን፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩንና መታወቂያውን ከቀበሌ የሚጠብቅ ገበሬ፣ በተቃዋሚ ዝርዝር ላይ ስሙን ሲያስጽፍ ምን ያህል እንደሚያመነታ አስቢው።

አስቴር፦ እሱን እቀበላለሁ፤ ግን ምክር ቤቱ መስፋቱ በራሱ ክፉ ነው አልልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የመንግሥት እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። ምክር ቤቱ ጠባብ ቢሆን ኖሮ አክስትዎን ማን ያስታውሳቸው ነበር?

ይልማ፦ አስታውሰዋቸዋል፤ ሳይጠይቋቸው ነው እንጂ። ስማቸው ዕጩዎች መካከል መጻፉን የሰሙት ከጎረቤት ነው።

አስቴር፦ ከተመረጡ በኋላስ ተናግረዋል?

ይልማ፦ ተናግረዋል። ስለ ምንጩ መድረቅ ተናገሩ፣ ተጨበጨበላቸው፣ ቃለ ጉባኤውም ላይ ሰፈረ። የወሰነው ግን ያው የቀበሌው ካቢኔ ነው።

አስቴር፦ ቢሆንም መናገራቸው ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይልማ፦ ለእሳቸውም አልነበረም፤ እዚያ ላይ አልከራከርሽም። ሦስት መቶ ሰው ሲያጨበጭብ ግን ማን ማንን ይቆጣጠራል?

አስቴር፦ የወረዳዎቹን ውጤት ሳንነካው ሰዓታችን ሊያልቅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፤ የምክር ቤቶቹ ዘመን አምስት ዓመት ቢሆንም በ2010 ሊካሄድ የነበረው ምርጫ ተራዝሟል፤ የ2013ቱ አጠቃላይ ምርጫም የገጠር ቀበሌዎችን አልነካም።

ይልማ፦ አክስቴ ከሁለተኛው ስብሰባ ጀምሮ በርጩማቸውን ከቤት ይዘው ይሄዱ ነበር። ምርጫው ተራዘመ ብዬ ስነግራቸው፣ «እንግዲያ በርጩማዬን ማን ይረከበኛል?» አሉኝ።