ንቡ የኮበለለበት ቀፎ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠ አንድ አመድማ ሳጥን ብቻ ነን። ድምፁን ላሰማችሁ። ይህ… ክዳኑ ሲከፈት ነው። ይህ ደግሞ… ሲዘጋ። ይህን ሰምቶ ፈገግ ያለ ሰው ዕድሜውን አጋልጧል፤ ዝም ብትሉ ይሻላችኋል።

ሳጥኑ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ ጌም የሚጫወቱበት ማሽን። ሶኒ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው በፈረንጆቹ 1994 መጨረሻ ላይ ነበር። በዓለም ላይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ከነዚያ መካከል አንዱ፣ በማን እጅ አልፎ እንደሆነ እንጃ፣ አባይ በረሃን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ ደረሰና በ1997 ዓ.ም. ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የቆርቆሮ በር ባላት አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። ለሠሪዎቹ አሥር ዓመት የሞላው አሮጌ ዕቃ ነበር። ለእኛ ትናንት የተወለደ ነው።

የጌም ቤቱን ባለቤት ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ስሜን አታንሣ ብለውኛል። ሕጋቸው አጭር ነበር። አንድ ግጥሚያ 50 ሳንቲም፤ ተሸናፊ ይከፍላል፤ አሸናፊ ይቀጥላል፤ ጆይስቲክ የወረወረ ሳምንት ሙሉ ደጃፉን አይረግጥም። ሲዲዎቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፦ የኳሱ ዊኒንግ ኢለቨን፣ የድብድቡ ቴከን 3 እና የመኪና እሽቅድድሙ ግራን ቱሪስሞ። አዲስ ሲዲ ማለት 300 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ማለት ስለሆነ፣ የተጫረው በጥርስ ሳሙና እየታሸ እንደገና ይሞከራል እንጂ አይጣልም። የኳሱ ጨዋታ አስተያየት ሰጪ በጃፓንኛ ይጮኻል፤ እኛም ምን እንዳለ ሳናውቅ አብረነው እንጮኻለን። መንገድ ላይ ኳስ ስንጫወት ጎል ያገባ ልጅ በጃፓንኛ ነበር የሚጨፍረው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ ስለምፈልገው ያዙልኝ። ማሽኑ ሲዲ አላነብ ሲል ጋሼ አብርተው ወዲያው ይገለብጡታል። አዎ፣ ክዳኑ ወደ ታች፣ ሆዱ ወደ ላይ። እኛ እንደ ምትሃት ነበር የምናየው። ምክንያቱ ግን ተራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ሌንሱን ተሸክማ የምትመላለሰው ክፍል ከፕላስቲክ የተሠራች ናት። ከአጠገቧ ያለው የኃይል ሰሌዳ እያሞቃት፣ በመመላለስም ብዛት እየተፋፋቀች ስትሄድ ሌንሱ ያዘነብላል፤ ሲዲውንም ይስታል። ማሽኑ ሲገለበጥ ሌንሱን የራሱ ክብደት ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ጋሼ ይህን ከማንም አልተማሩትም። አንድ ቀን ተናደው ገለበጡት፤ ሠራ።

አምና ክረምት ላይ እርሳቸው ዘንድ ጤፍ ልገዛ ሄድኩ። ጌም ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ አሁን እህል ነጋዴ ናቸው። ከጆንያዎቹ ጀርባ፣ ከአሮጌ ሚዛን ሥር፣ ያ ሳጥን ተቀምጧል። ያወቅሁት በክዳኑ ነው፤ መብራት በጠፋ ምሽት የተንጠባጠበ የሻማ ጠብታ አለበት። ልገዛው ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ውሰደው፣ ሞቷል» አሉኝ። ሦስቱንም ሲዲዎች መረቁልኝ።

ቤት ወስጄ ስሰካው ግን ያ ከደረት የሚወጣ የሚመስለው የመክፈቻ ድምፅ ወጣ፤ አርማውም መጣ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሲዲውን እየፈለገ፣ እየፈለገ፣ ይተወዋል። ማለትም ሞቷል የተባለው ሕመምተኛ የታወረ ብቻ ነበር። በአሮጌ ማሽን ቀፎ፣ ማለትም በውጭ ሳጥኑ፣ ውስጥ አዲስ ሰሌዳ የሚገጥሙ ሰዎች አንድ ያልተጻፈ ደንብ አላቸው፦ ቀፎውን ለሌላ ሥራ የምትወስደው የሞተ ማሽን ከሆነ ብቻ ነው፤ በሕይወት ያለውን አትዘርግፍ። እኔ ምን አደረግሁ? ሌንሱን ብቻ መቀየር ይቻል እንደነበር እያወቅሁ ዘረገፍኩት። መለዋወጫ ማፈላለጉ ሰልችቶኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት ብፈጥር ውሸት ይሆናል። ራሴን ለማጽናናት ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ከቀፎው ላይ አንዲት ነገር አልቆርጥም፣ አልበሳም። የወጣው ሁሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጧል። የፈለገ ሰው አንድ ቀን መልሶ ሊገጥመው ይችላል።

ብሎኖቹን ፈትቼ ስከፍተው መጀመሪያ ያገኘሁት ምን ይመስላችኋል? ቀይ ጤፍ። አራት አምስት ፍሬ፣ ሲዲው ከሚሽከረከርበት ሥር ገብታ።

በቦታው የገባው ራዝቤሪ ፓይ 3 የተባለ ሰሌዳ ነው፤ በአንድ ሰሌዳ ላይ ያለቀ ትንሽ ኮምፒውተር። አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው ገዝቶት ሲጨርስ የሸጠልኝ ነው። ስፋቱ 85 በ56 ሚሊ ሜትር፤ ኪሳችሁ ካለው መታወቂያ ጋር አስተያዩት፣ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። የድሮው ማሽን አንጎል በሰከንድ 33.9 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ ይህ 1.2 ቢሊዮን ጊዜ። የድሮው ዋና ማስታወሻ 2 ሜጋባይት ነው፤ የዚህ 1 ጊጋባይት። ይህ ሁሉ ጉልበት ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ አዲሱ ሰሌዳ የጨዋታዎቹን ቋንቋ አይችልም። ሬትሮፓይ የሚባለው ሥርዓት ውስጥ አስተርጓሚ ፕሮግራም ተቀምጦ እያንዳንዱን ትእዛዝ እየሰማ ወደ አዲሱ ቋንቋ ይመልሳል። አስተርጓሚ ደግሞ ከተናጋሪው ካልፈጠነ ጉባኤው ይበተናል። የሲዲዎቹን ቅጂ የሰሌዳው ሚሞሪ ካርድ ላይ ጫንኩ። የራሴ ሲዲዎች ናቸው ብዬ አፌን ሞልቼ እንዳልናገር፣ ሲዲዎቹ ራሳቸው ቅጂዎች ነበሩ። እዚህ ላይ ንጹሕ ነኝ አልልም።

አሁን ደስ ወዳለኝ ክፍል ልግባ። እናቴ ቤት ጀርባው የገፋ አሮጌ ቴሌቪዥን አለ፤ በቪዲዮ ገመድ አያያዝኩት። ምስሉ መጣ፤ ግን ጥቁርና ነጭ። ገመዱን ቀየርኩ፤ ጥቁርና ነጭ። ቴሌቪዥኑን መታሁት። መቼም ይህን ያላደረገ የለም። ከዚያ ተቀምጬ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ጃፓንና አሜሪካ ኤንቲኤስሲ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት ይከተሉ ነበር፤ እኛ ደግሞ ፓል። በመጀመሪያው ቀለሙ በ3.58 ሜጋኸርዝ ተጭኖ ይመጣል፤ በእኛው በ4.43። ቴሌቪዥኑ ቀለሙን በለመደበት ቦታ ሲያጣው ብርሃንና ጥላውን ብቻ ያሳያል። ሰሌዳውም ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚናገረው በኤንቲኤስሲ ነው። በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ፓልን የሚያዝዝ መስመር ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ያለች አንዲት ምልክት ብቻ አስራዋለች። ደመሰስኳት። አጥፍቼ አበራሁ። ሜዳው አረንጓዴ ሆነ።

እኔ ግን ሜዳውን አላየሁም። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ተመልሼ ነበር። ጋሼ ቤት አንዳንዱ ሲዲ ሲገባ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆን ነበርና፣ ቡድኖቹን በማልያ መለየት አቅቶን ተቧቅሰናል። ጋሼ ቴሌቪዥኑ አርጅቷል ብለው አምነው፣ ከሚስታቸው ተደብቀው ሌላ ገዙ። ሌላውም ጥቁርና ነጭ ሆነ። ያን ቴሌቪዥን የሸጠላቸውን ሰው ለዓመታት ሲረግሙት ሰምቻለሁ። ሰውየው ምንም አላጠፋም። የጃፓን ሲዲ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጋር አልተግባባም፤ በቃ። ሃያ ዓመት ዘግይቶ የመጣ መልስ ማንን ይጠቅማል አትበሉኝ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቀጥሎ መብራት። ሰሌዳው 5 ቮልት፣ 2.5 አምፔር ይፈልጋል። በቀጭን የስልክ ገመድ ስሰካው ኃይሉ መንገድ ላይ እየሳሳ ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ይመጣል። ኃይል አነሰኝ ማለቱ ነው። ይህ የሆነው ሐምሌ ላይ ነው። ውጭ ጮቄ በኩል ሲያንጎዳጉድ፣ ውስጥ ስክሪኑ ላይ መብረቅ ያየችው እናቴ «ንቀለው! ንቀለው አንተ ልጅ፣ ቤቱን ልታቃጥልብኝ ነው!» አለች። ነቀልኩት። ከእናቴ ጋር ስለ ቮልት አልከራከርም።

ግን እንዲህ በድንገት መንቀል ራሱ ችግር ነው። ሰሌዳው ላይ ያለች ትንሽ ካርድ ሥርዓቱን በሙሉ ይዛለች፤ እየጻፈች ሳለ መብራት ከጠፋባት ልትበላሽ ትችላለች። የእኔ በመጀመሪያው ሳምንት ተበላሸች። በእኛ ከተማ መብራት ከመጥፋቱ በፊት አያስጠነቅቅም። መፍትሔው ሁለት ሆነ። የድሮው የኃይል ሰሌዳ በነበረበት ቦታ ፓወር ባንክ አስገባሁ፤ የሪሴት ቁልፉን ደግሞ በሁለት ሽቦዎች ከሰሌዳው ጋር በየድኩት። ትልቁ የማብሪያ ቁልፍ አንዴ ከተጫነ ተጭኖ ይቀራል፤ ሪሴት ግን ተጭኖ ይመለሳል፤ ለዚህ የሚስማማው እርሱ ነው። ሲጫን ሰሌዳው ሥራውን ሰብስቦ ይተኛል፤ እንደገና ሲጫን ይነሣል። የፓወር ባንኩ ክብደትም ሳላስበው ሌላ ነገር አስተካከለልኝ። ቀፎው ባዶውን ሳለ ከመቅለሉ የተነሣ ጆይስቲኩ ሲሳብ ተከትሎ ከጠረጴዛው ይወርድ ነበር።

አባቴ ይህን ሁሉ በዝምታ ሲያይ ሰነበተ። የቢቡኝ ሰው ነው፤ ንብ ያውቃል። ስለ ማሽኑ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። አንድ ቀን ባዶውን ሳጥን አንሥቶ በጣቱ አንኳኳው። «ቀፎው ደህና ነው» አለኝ። «ንቡ ሲኮበልል ቀፎው አይጣልም። ይጠረጋል፣ በወይራ ይታጠናል፣ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ሌላ መንጋ ይገባበታል።» እኔም ስልክ ጠጋኞቹ ቀፎ ሲሉ ሰምቼ እንጂ ስለ ንብ አስቤ አልነበረም ቀፎ የምለው። «ታዲያ ማሩ አንድ ይሆናል?» አልኩት። «ማሩማ እንደ አበባው ነው» ብሎኝ ሄደ።

የአበባው ነገር ያሳሰበኝ የእህቴ ልጅ ሲመጣ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እንዲደነቅልኝ ብዬ አንድ ወዳጄ በፍላሽ የላከልኝን መዓት ጨዋታ ካርዱ ላይ ጭኜ ነበር። ልጁ ዝርዝሩን ወደ ታች አወረደ፣ አወረደ፣ አንዱን ከፈተ፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ዘጋው። ሌላ ከፈተ። ዘጋ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሲመርጥ ዋለ። መጨረሻ ላይ «ጥሩ ነው ጋሼ» ብሎኝ ስልኩን አነሣ። ጥሩ ነው ሲለኝ እንዴት እንደከፋኝ!

ማታ ሁሉንም አጠፋኋቸው። ሦስቱን ብቻ ተውኩ። በሳምንቱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። ጆይስቲኩ ሁለት፣ ልጆቹ ሦስት፤ ተሸናፊ ይነሣል አልኳቸው። መብራት ሲሄድ ቴሌቪዥኑ ጠፋ፤ ማሽኑ ግን በፓወር ባንኩ በርቶ ቆየ። ልጆቹ ጨለማ ውስጥ ጆይስቲካቸውን እንደያዙ ተራው የማን እንደሆነ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። እኔም በልጅነቴ ከመጫወት ይልቅ አግዳሚው ላይ ተራ በመጠበቅ ያሳለፍኩት ሰዓት እንደሚበልጥ ያን ጊዜ ነው የተገነዘብኩት፤ የሰውን ጨዋታ እያየሁ፣ እየሰደብኩ፣ እየመከርኩ። ናፍቆኝ የኖረው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። እርሱን ደግሞ በየትኛውም ካርድ ላይ መጫን አይቻልም።

ውጭ አገር ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቢጫ የሆነ ፕላስቲክ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በፀሐይ ያነጡታል። እኔ አላነጣሁትም። የሻማውን ጠብታም አልነካሁትም።

ባለፈው ቅዳሜ በፌስታል ይዤው ጋሼ መጋዘን ሄድኩ። ከሂሳብ መሥሪያቸው አጠገብ ለዜና የሚከፍቱት ትንሽ ቴሌቪዥን አለ። አያያዝኩት። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጠብታዋን በጥፍራቸው ዳሰሷት። «የውስጡስ?» አሉኝ። ቤት፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አለ አልኳቸው። «አልጣልከውም?» አልጣልኩትም። ራሳቸውን ነቀነቁ። ትልቁን ቁልፍ ተጫኑ፤ ምንም የለም። በትንሹ ነው ጋሼ አልኳቸው። ትንሹን ተጫኑ። አረንጓዴዋ መብራት በራች።

መብራቷ እንደበራች፣ ሳያስቡት፣ ሁለት እጃቸውን ሰድደው ማሽኑን እንደ ቂጣ ገለበጡት።

ፓወር ባንኩ ውስጥ ለውስጥ ተንሸራቶ ሲጋጭ ሰማሁ። ሲዲ የለም፣ ሌንስ የለም፣ የሚቃናም ነገር የለም። አፌን ልከፍት ብዬ ተውኩት። ጥቂት ቆይቶ ምስሉ መጣ። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው «አየህ?» አሉኝ፤ ፊታቸው በራ።

በልጅነቴ እርሳቸው ሲጫወቱ አይቼ አላውቅም። ሳንቲም ሲሰበስቡ ብቻ ነው የማውቃቸው። ማሽኑ እንደተገለበጠ፣ በጤፍ አቧራ በነጣ እጃቸው፣ ሁለት ለአንድ አሸነፉኝና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ተሸናፊ ይከፍላል።