ፌስታል

እሺ፣ ሰላም ናችሁ? የውሻዬ የቦቢ ጩኸት ከተሰማችሁ ይቅርታ። ዛሬ ከመሸ ነው የምቀዳው፣ እሱ ደግሞ ሲመሽ ነው የሚብስበት፣ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ሳምንት የቤት ኪራዩን ጉዳይ እጨርሳለሁ ብያችሁ ነበር። አልጨርስም። ሁለት ጊዜ ልቀዳ ቁጭ ብዬ እምቢ አለኝ። አፌ ስለ ኪራይ ያወራል፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው።

ማክሰኞ ማታ አንድ መልእክት ደረሰኝ። ከእናንተው ከአንዳችሁ ነው። ስሟን አልጠራም። ያንን ስለ ድሮ ኮከቦች የሠራሁትን ክፍል ታስታውሱታላችሁ አይደል? «የት ደረሱ» ብዬ በሳቅ የጨረስኩትን። እስካሁን ለሰው ስትልኩት አያለሁ። እዚያ ላይ ስለ አሮን ካርተር አውርቼ ነበር። እሱም ዘፋኝ ነበር፣ የኒክ ካርተር ታናሽ ወንድም፣ የዚያ የአሜሪካው ባንድ የባክስትሪት ቦይሱ ኒክ። ያኔ አሮን በሕይወት ነበር። በ2019 አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርቦ፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በላስቲክ ሞልቶ አንስቶ ለካሜራው አሳይቶ ነበር። ዓመቶቹን ዛሬ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ አትቀየሙኝ። ያንን ቪዲዮ እየተረኩላችሁ ሳቅኩ።

መልእክቷ አጭር ነው። «ወንድሜም መድኃኒቱን በፌስታል ነው የሚይዘው። ያን ቀን ከሰማሁሽ በኋላም አንቺን መስማት አልተውኩም።» በቃ፣ ይኸው ነው። ክፍሉን አጥፊው አላለችኝም። አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ ለስድብ መልስ አለኝ፣ ለዚህ ግን የለኝም።

ከዚያ ተነስቼ ክፍሉን ከፍቼ ሰማሁት። ለካ የራስን ሳቅ መስማት ከባድ ነው። አጭር ሳቅ መስሎኝ ነበር። ረጅም ነው። ሊያልቅ ይልና እንደገና ይጀምራል፣ መሀል ላይ ትንፋሽ ስስብ ሁሉ ይሰማል። ከዚያ «ወይኔ ልጁ፣ ስንት ክኒን ነው!» እላለሁ። ልጁ ነው ያልኩት። ሠላሳውን አልፎ ነበር እኮ፣ እኔ ግን ልጁ ነው የምለው። እሱ ለሁላችንም እንደ ልጅ ነው የቀረው፣ ምናልባት ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው… አላውቅም፣ ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምር።

የኛ ዘመን ልጆች ኒክን ታውቁታላችሁ። ፀጉሩን መሀል ለመሀል ከፍሎ ግራና ቀኝ ያስተኛ። ትምህርት ቤታችን በር ላይ ፖስት ካርድና ፖስተር የሚሸጥ ልጅ ነበር፣ መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ነፋስ እንዳይወስድበት በድንጋይ ይዞ። ከአንድ የፈረንጅ መጽሔት የተገነጠለ የኒክ ፎቶ ገዛሁ። መሀሉ ላይ የስቴፕለር ቀዳዳ ነበረው፣ አንዱ ቀዳዳ አገጩ ላይ ነበር። የሒሳብ ደብተሬን ሸፈንኩበት፣ ከላዩ ላስቲክ አለበስኩት። የደብተሩ ጀርባ ላይ ደግሞ የዘፈኖቹን ግጥም እንደሰማሁት ጽፌያለሁ። እንደሰማሁት ማለት እንግሊዝኛ ያልሆነ እንግሊዝኛ ነው፣ ግን በቃሌ ነው የምወጣው። የሒሳብ መምህራችን ደብተር ሲሰበስቡ ገልብጠው ነበር የሚያስቀምጡት። ዓመቱን ሙሉ ኒክ በፊቱ ተደፍቶ ነው የታረመው።

አሮንን የማውቀው ከዚያ በኋላ ነው፣ «የኒክ ወንድም» ተብሎ። መጋቢት 1997 በርሊን ላይ ከባክስትሪት ቦይስ ኮንሰርት በፊት ወጥቶ ሲዘፍን ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዘጠኝ! በዚያው ዓመት የመጀመሪያ አልበሙ ወጣ። በ2000 ሁለተኛው ሲወጣ ገና 12 ዓመቱ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ሦስት ሚሊዮን ተሸጠ። የብሪትኒ ስፒርስን ኮንሰርት የሚከፍተው እሱ ነበር። የኔ የእህት ልጅ አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሱቅ ልካችኋት የወተቱን መልስ በትክክል ቆጥራ ብታመጣ ቤቱ ሁሉ ያጨበጭባል።

ገንዘቡን ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ያን ቀን ስስቅ አላነበብኩትም ነበር። አሮን በ2013 ኪሳራ አስመዘገበ። ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ነበረበት። የነበረው ንብረት ወደ ስምንት ሺህ ዶላር ነው። የዕዳው ትልቁ ክፍል ደግሞ ግብር ነው፣ ያውም ገና ልጅ እያለ በሠራው ገንዘብ ላይ የተጠየቀ። እስቲ አስቡት። ልጅ ሆኖ ይሠራል፣ ገንዘቡን ትልልቅ ሰዎች ይይዙታል፣ ሲያድግ ገንዘቡ የለም፣ ግብሩ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ኬክ የበላው ሌላ፣ ሆድ የታመመው ሌላ።

ባክስትሪት ቦይስን የሰበሰበው ሰውዬ ሉ ፐርልማን ይባላል። ሥራው የአየር መርከብ ማከራየት ነበር፣ ያንን ሰማይ ላይ ማስታወቂያ ይዞ የሚንሳፈፈውን ትልቅ ፊኛ። ኦርላንዶ ላይ በ1993 ባንዱን አቋቋመ፣ ያኔ ኒክ 13 ዓመቱ ነው። እና ውሉ ላይ ራሱን ስድስተኛ አባል አደረገ። አምስት ልጆች ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ሲካፈሉ ስድስት ይሆናሉ። በ1998 ከሰሱት። የአሮንም ወላጆች በ2002 የልጃችንን ድርሻ አልከፈለም ብለው ከሰሱት። ኋላ ላይ ሰውዬው ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰው አጭበርብሮ ኢንዶኔዥያ ባሊ ላይ ተያዘ፣ 25 ዓመት ተፈረደበት፣ በ2016 እስር ቤት ሞተ። እኔ ደብተሬን የሸፈንኩበት ፎቶ ላይ ኒክ ሲስቅ ስድስተኛው አባል ከካሜራው ጀርባ ነበር ማለት ነው።

እና ይሄ አዲስ ነገር አይደለም እኮ፣ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር የሠራው ትንሹ ልጅ፣ ጃኪ ኩጋን፣ በልጅነቱ ሚሊዮን ዶላሮች አስገባ። 21 ዓመት ሲሞላው እናቱና የእንጀራ አባቱ ገንዘቡ የኛ ነው አሉት። በ1938 ከሰሳቸው፣ በመጨረሻ የደረሰው 126 ሺህ ዶላር ነው። በሱ ምክንያት ካሊፎርኒያ በ1939 ሕግ አወጣች፣ ዛሬ ከልጁ ገቢ 15 በመቶው እስኪያድግ ይቀመጥለታል። 15 በመቶ። ቀሪው 85ስ?

እዚህ ላይ ግን አፌን ሞልቼ መናገር ያቅተኛል። እኛም ጋ እኮ ልጅ ይሠራል። ሊስትሮ ሆኖ እናቱን የሚረዳ ልጅ አለ፣ እናቱን ክፉ ልላት አልችልም። ቤተሰብ ሲቸግረው የሚሠራው ማን ነው፣ የሚችለው ነው። ግን የሊስትሮው ልጅ ማታ ቤቱ ሲገባ ልጅ ነው… ነው ወይስ አይደለም? እንጃ። ይሄን ሐሳብ አልጨረስኩትም፣ ልተወው።

ወደ ለንደን ልውሰዳችሁ። ይሄን ቪዲዮ ከማክሰኞ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም።

አሮን የሞተው ኅዳር 5 ቀን 2022 ነው፣ በፈረንጅ። ካሊፎርኒያ፣ ቤቱ ውስጥ፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተገኘ። 34 ዓመቱ ነበር። ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጅ ነበረው። በማግስቱ ባክስትሪት ቦይስ ለንደን ኦ ቱ አዳራሽ ኮንሰርት ነበራቸው። ሃያ ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ነው። ኒክ ወጣ።

መጀመሪያ ያየሁት ያኔ በ2022 ነው፣ እና ልንገራችሁ፣ ተቆጥቼ ነበር። ወንድሙ ገና አልተቀበረም እኮ! እኛ ጋ መርዶ የሰማ ሰው ፍራሽ ላይ ይቀመጣል፣ ጎረቤት ድንኳን ይተክላል፣ ሰው ዝም ብሎ አጠገብህ ይቀመጣል። ይሄ ሰው ደግሞ መድረክ ላይ፣ መብራት በርቶበት። ምን ዓይነት አንጀት ነው ብዬ ዘጋሁት።

አሁን ግን ቀስ ብዬ አየሁት። ኬቨን ነው የሚናገረው፣ ትልቁ። ዛሬ ልባችን ከብዷል፣ ትናንት አንድ የቤተሰባችንን ሰው አጣን ይላል። ኒክ ጎን ላይ ቆሟል። እንዳያለቅስ የሚታገል ሰው ፊት ታውቃላችሁ፣ ከንፈር ይጠባል፣ ዓይን መሬት መሬት ያያል። ዓይኑን ይጠርጋል። እንደገና ይጠርጋል። ከዚያ ሌሎቹ ይመጡና ያቅፉታል። እዚያ ቦታ ላይ ነው የማቆመው፣ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ፣ እንደገና አያለሁ። ሲያቅፉት ትከሻው ይወርዳል። ያን ያህል ቀጥ አድርጎ ይዞት እንደነበር የሚታወቀው ሲወርድ ነው። ስክሪኑ ላይ የአሮን ፎቶ ይመጣል፣ ከ1987 እስከ 2022 ይላል። ሕዝቡ ይጮኻል። ጩኸቱ ደግሞ ያው የኮንሰርት ጩኸት ነው፣ ሰዎቹ ሐዘናቸውን የሚገልጹበት ሌላ ድምፅ የላቸውም።

እና ምን አልኩ መሰላችሁ? ለዚህ ሰው ድንኳኑ ያ ሊሆን ይችላል። ከ13 ዓመቱ ጀምሮ ያደገው መድረክ ላይ ነው። አጠገቡ የሚቀመጡለት ሰዎች እነዚያ አራቱ ናቸው። ወዴት ይሂድ? ወይም ደግሞ ውል አለ፣ ትኬት ተሸጧል፣ ውጣ ተብሎ ይሆናል። ሁለቱም ይሆናል። አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ አየዋለሁ።

ደግሞ ተጣልተው ነበር እኮ። በ2019 ኒክ ፍርድ ቤት ሄዶ አሮን እንዳይቀርበው አሳግዷል። ያው ያ የላስቲኩ ቪዲዮ የወጣበት ሰሞን ነው። ወንድምህን በፍርድ ቤት ስታስከለክል፣ ወንድምህ ደግሞ በቴሌቪዥን ላስቲክ ይዞ ሲታይ፣ እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ስስቅ። አሮን ሲሞት ኒክ የጻፈው ግንኙነታችን የተወሳሰበ ቢሆንም ፍቅሬ ቀንሶ አያውቅም የሚል ነበር። ከአሮን በፊት እህታቸው ሌስሊ በ2012 በ25 ዓመቷ ሞታለች። ከሱ በኋላ ደግሞ ሌላዋ እህታቸው ቦቢ ጂን፣ በ2023 መጨረሻ፣ ከፈረንጅ ገና ሁለት ቀን በፊት። ከአንድ እናትና አባት አምስት ነበሩ። ሁለት ቀሩ።

…ውይ። ይቅርታ፣ ውሃ ልጠጣ።

የእህቴ ልጅ ብያችሁ ነበር አይደል፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትዘፍናለች። ድምፅ አላት፣ ዝም ብዬ አይደለም። እህቴ ቲክቶክ ላይ ትለቅቃታለች። ባለፈው አንዱ ብዙ ሰው አየው፣ ቤት ውስጥ ደስታ ሆነ፣ እኔም ላይክ አድርጌያለሁ፣ ለሰው ልኬያለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ቤታቸው ስሄድ ልጅቷ እንደ ድሮው ሮጣ አልመጣችም። ስልኳን ዘርግታ «አክስቴ፣ ስንት ደረሰ?» አለችኝ። ቁጥሩን ማለቷ ነው። ነገርኳት። እያየችኝ ነው፣ ፊቴን ነው የምታየው፣ በቂ ነው አይደለም የሚለውን ከፊቴ ልታነብ። እኔም ሳላስበው «ዋው!» አልኩ። ምን ልበል? ልጅ ናት፣ ደስ ይበላት ብዬ ነው። እህቴ እናት ናት፣ ሉ ፐርልማን አይደለችም፣ እባካችሁ እንዲያ እንዳይመስላችሁ። ግን ያ «ስንት ደረሰ» የሚለው… ለእህቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ብነግራት ምን ብዬ ነው የምጀምረው?

እና ያንን ክፍል ላጥፋው ወይስ ልተወው። ማክሰኞ ሌሊት ላጠፋው ከፍቼ ነበር። ጣቴን አሳረፍኩ፣ ከዚያ አነሳሁ። ባጠፋው ያልሳቅኩ ልመስል ነው። ብተወው ደግሞ የዚያች ልጅ ወንድም አንድ ቀን ሊሰማው ይችላል፣ ምናልባትም ሰምቶታል። አብረው እየሰሙኝ ቢሆንስ ያን ቀን? እሷ ስልኩን ይዛ፣ እሱ አጠገቧ? አልጻፈችም፣ እኔ ነኝ እንዲህ የማስበው፣ ግን ካሰብኩት ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

መልእክቷን አልመለስኩም። እንዳየሁት ግን ምልክቱ ይታያታል፣ ካየሁት ሁለት ቀን ሆኖኛል። እከፍተዋለሁ፣ «እህቴ» ብዬ እጽፋለሁ፣ አጠፋዋለሁ። «ወንድምሽ እንዴት ነው» ብዬ ጻፍኩ አንዴ። እሱንም አጠፋሁት፣ ምክንያቱም የት አውቀዋለሁ ብዬ ነው የምጠይቀው፣ ያኔ ስስቅበት…

ቦቢ ዝም አለ። ይሰማችኋል? እንግዲህ እኔም… ቆይ፣ አንዴ ስልኬን ልየው።