ደግሶ ማሸነፍ፦ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች በአድማጮች ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ፕሮግራማችን ስለ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች ታሪክ ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። በአየር ላይ የመለስኳቸውንም፣ ሰዓት አልቆብን የዘለልናቸውንም ጥያቄዎች እዚህ አሰፍራለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኦሎምፒክ አለ፣ የእስያ ጨዋታዎች አሉ። እነዚህ ጎረቤታሞች ሌላ ውድድር ለምን አስፈለጋቸው? ማንስ ጀመረው?

ሐሳቡ የታይላንድ ነው። በ1958 የእስያ ጨዋታዎች ቶኪዮ ላይ ሲካሄዱ የአካባቢው የስፖርት ኃላፊዎች እዚያው ተሰብስበው መከሩ። ጉዳዩን ያነሱት የታይላንድ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ምክትል ፕሬዚዳንት ሉዋንግ ሱኩም ናያፕራዲት ናቸው። በእስያ ጨዋታዎች ጃፓን ወርቁን ጠራርጋ ስትወስድ ትንንሾቹ አገሮች ከማጨብጨብ አያልፉም ነበር። አቅማቸው ከሚቀራረብ ጎረቤቶች ጋር ቶሎ ቶሎ ቢፎካከሩ ይሻሻላሉ፣ መቀራረብም ይመጣል ተባለ። በየሁለት ዓመቱ እንዲሆንም ተስማሙ።

የመጀመሪያው ውድድር ዲሴምበር 12 ቀን 1959 ባንኮክ ላይ ተከፈተ። ታይላንድ፣ በርማ (የዛሬዋ ምያንማር)፣ ማላያ (ኋላ ማሌዥያ የሆነችው)፣ ሲንጋፖር፣ ላኦስና ደቡብ ቬትናም ተገኙ። 12 የስፖርት ዓይነቶች፣ ስፖርተኛውም ኃላፊውም ተደምሮ ከ500 ትንሽ የሚበልጥ ሰው። በስድስት ቀን አለቀ። በ2019 ፊሊፒንስ ስታዘጋጅ 56 ስፖርቶች ነበሩ፤ ለወርቅ የሚፎካከሩባቸው ውድድሮች ደግሞ 530። ልዩነቱን እናንተው አስቡት።

ጥያቄ፦ ኢንዶኔዥያ የአካባቢው ትልቋ አገር ናት። ከመሥራቾቹ መሐል የሌለችው ተኳርፋ ነው?

አይደለም፣ መጀመሪያውኑ አልተጠራችም። ውድድሩ የተቋቋመው በባሕረ ገቡ ምድር ላይ ላሉ አገሮች ነው። ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ ደሴቶች ናቸው። በ1975 ባንኮክ ላይ ግን የቀሩት አራት አገሮች ብቻ ሆኑ። ቬትናም፣ ካምቦዲያና ላኦስ በዚያው ዓመት መንግሥት የተገለበጠባቸው አገሮች ናቸው፤ አልመጡም። በአራት አገር የሚሆን ነገር ስላልነበረ በ1977 በሩ ለኢንዶኔዥያ፣ ለፊሊፒንስና ለብሩናይ ተከፈተ። ኢንዶኔዥያ ገና በመጀመሪያ ተሳትፎዋ ኩዋላ ላምፑር ላይ የሜዳሊያ ሠንጠረዡን መራች። ለነባሮቹ ደስ የሚል እንግዳ አልነበረችም! የተባበረችው ቬትናም የተመለሰችው በ1989 ነው። ኢስት ቲሞር በ2003 ስትቀላቀል 11 ሞሉ።

ጥያቄ፦ ካምቦዲያ ለማዘጋጀት 64 ዓመት ጠብቃለች ብለዋል። እንዴት ነው ነገሩ?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ካምቦዲያ ከመሥራቾቹ አንዷ ናት፤ በ1959ኙ ላይ ግን አልተገኘችም። ሦስተኛውን ውድድር በ1963 እንድታዘጋጅ ተራው ደረሳት። የካምቦዲያው መሪ ልዑል ሲሃኑክ አገራቸው ዘመናዊ መሆኗን ለማሳየት የሚሹበት ጊዜ ነበር። ቫን ሞሊቫን የተባለው ካምቦዲያዊ አርክቴክት በዋና ከተማዋ ፕኖም ፔን ላይ አንድ ትልቅ ስታዲየም እንዲሠራ ታዘዘ። ሆኖም በአገሪቱ የውስጥ ፖለቲካና ከዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ጋር በተፈጠረ አለመግባባት ውድድሩ ተሰረዘ። ስታዲየሙ በ1964 ሲጠናቀቅ ድንኳኑ ተጥሎ እንግዳው የቀረበት ሠርግ ሆነ።

ስታዲየሙ ግን ሥራ አልፈታም። በኖቬምበር 1965 ሰሜን ኮሪያና አውስትራሊያ ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ ገለልተኛ ሜዳ ሲያስፈልጋቸው ሲሃኑክ «እኔ ጋ ይሁን» አሉ። ግማሹ ተመልካች ለኮሪያ፣ ግማሹ ለአውስትራሊያ እንዲደግፍ አዘዙ ይባላል። ኮሪያዎቹ 6 ለ 1 እና 3 ለ 1 አሸንፈው ወደ እንግሊዝ ሄዱ፤ እዚያም ጣሊያንን ከውድድር አስወጡ። ያ ታሪክ የተጀመረው ለሌላ ውድድር በተሠራ ሜዳ ላይ ነው።

በ1967 ተራው እንደገና ለካምቦዲያ ደረሰ፤ አሁንም አልሆነም፣ ባንኮክ ወሰደችው። ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያ የአክራሪ ኮሚኒስቶቹ የክመር ሩዥ አገዛዝ፣ ከዚያ ደግሞ ረጅም የማገገም ዘመን መጣ። ውድድሩ ፕኖም ፔን የገባው በሜይ 2023 ነው። ዋናው መድረክ የድሮው ስታዲየም ሳይሆን በቻይና እርዳታ የተሠራው ሞሮዶክ ቴቾ ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩን። አዘጋጁ አገር ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ዳኞቹን ይዞ ነው?

ሁልጊዜ አያሸንፍም። ላኦስ በ2009 አዘጋጅታ አንደኛ የወጣችው ታይላንድ ናት። ግን የጥያቄህ መንፈስ ገብቶኛል። ዋናው ጨዋታ ዳኛው ላይ ሳይሆን ዝርዝሩ ላይ ነው።

ደንቡ አትሌቲክስንና የውሃ ስፖርትን ግዴታ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ምን ይካተት፣ ምን ይውጣ በሚለው ላይ አዘጋጁ ሰፊ ሥልጣን አለው። የአገሩን ባህላዊ ስፖርት ያስገባል፤ እሱንም በክብደት፣ በጾታና በስልት ከፋፍሎ ወርቁን ያበዛዋል። ጎረቤቱ የሚጎብዝበትን ደግሞ ቀስ አድርጎ ያወጣል።

አርኒስን እንይ። በዱላ የሚደረግ የፊሊፒንስ የፍልሚያ ጥበብ ነው። ፊሊፒንስ በ2019 ስታዘጋጅ 20 የአርኒስ ውድድሮች አስገባች፤ 14ቱን ወርቅ ራሷ ወሰደች። ከሁለት ዓመት በፊት ስድስተኛ የነበረች አገር በ149 ወርቅ አንደኛ ሆነች። ምያንማር በ2013 ከሸምበቆ በተጠለፈ ኳስ የሚጫወቱትን ቺንሎን አስገባች። በ2011 የነበራት ወርቅ 16 ነው፤ በራሷ ሜዳ 86 ሆነ። ካምቦዲያም በ2023 ወርቋን ከ9 ወደ 81 አስፈነጠረችው። ለባለ ሦስት ተጫዋች ቅርጫት ኳስ እንኳ ዜግነት የሰጠቻቸው አሜሪካውያን ወርቅ አምጥተውላታል።

እኔን ከጠየቅከኝ ዓይን ያወጣ ነው። ግን ሁሉም ስለሚያደርገው ማንም እስከ መጨረሻው አይከስም። ዛሬ የሚያጉረመርመው ነገ ተራው ሲደርስ ያንኑ ይደግማል። ደግሞም በዚህ በር የገባ ሁሉ ከንቱ አይደለም። መረብ ኳስን በእግር እንደመጫወት ያለው ሴፓክ ታክሮ በ1965 ኩዋላ ላምፑር ላይ ገብቶ ዛሬ በእስያ ጨዋታዎችም ወርቅ ያሸልማል። በ1987 ጃካርታ ላይ የገባው ፔንቻክ ሲላት የተባለው የፍልሚያ ጥበብም በ2018 እስያ ጨዋታዎች ደርሷል።

ጥያቄ፦ አንድ ንጉሥ ሜዳሊያ ወስደዋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው እናቴ። የታይላንዱ ንጉሥ ቡሚቦል በ1967 በጀልባ ቀዘፋ ሳይሆን በሸራ ጀልባ ውድድር ወርቅ አግኝተዋል። የሚገርመው ወርቁን የተጋሩት ከገዛ ልጃቸው ከልዕልት ኡቦል ራታና ጋር ነው፤ ነጥባቸው እኩል መጣ። ንጉሡ ጀልባ በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ ለወጉ ያህል የተሰጣቸው ሽልማት አይምሰልዎ። ወርቁ የተገኘበት ዲሴምበር 16 በታይላንድ ብሔራዊ የስፖርት ቀን ሆኗል።

ጥያቄ፦ የሯጮቹ ሰዓት ከዓለም ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው። ይህን ውድድር ማየት ጊዜ ማባከን አይሆንም?

ለሰዓት ብቻ የምታይ ከሆነ ልክ ነሽ። ግን መነሻ ሜዳነቱን አትናቂው። የሲንጋፖሩ ዋናተኛ ጆሴፍ ስኩሊንግ በ2015 አገሩ ላይ 9 ወርቅ ወሰደ። በዓመቱ ሪዮ ላይ በ100 ሜትር ቢራቢሮ ማይክል ፌልፕስን ቀድሞ ለሲንጋፖር የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ አመጣ።

የ2023ቱን የሴቶች 5000 ሜትር ደግሞ ፈልገሽ እይው። ያሸነፈችው የቬትናሟ ንጉየን ቲ ኦዋን ናት። ይህች ልጅ በዚያው ሰሞን 1500 ሜትር አሸንፋ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እንኳ በቅጡ ሳታርፍ ተመልሳ 3000 ሜትር መሰናክል ያሸነፈች ጉደኛ ናት። ሕዝቡ ግን የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ነው። የካምቦዲያዋ ቡ ሳምናንግ የደም ማነስ አለባት። ሌሎቹ ጨርሰው ወጥተዋል፣ ዶፍ ዝናብ እየወረደ ነው፣ መሙ ውሃ አቁሯል። እሷ ብቻዋን ትዞራለች። ጫማዋ ውሃውን እየረጨ፣ እያለቀሰች፣ ከአሸናፊዋ ስድስት ደቂቃ ያህል ዘግይታ ገባች። ጠቅላይ ሚኒስትር ሁን ሴንና ባለቤታቸው 10,000 ዶላር ሸለሟት። የወርቅ አሸናፊዎቹን ስም የማያውቅ ሰው የእሷን ያውቃል።

ጥያቄ፦ ውድድሩ የተመሠረተው ለመቀራረብ ነው ካሉ፣ ጎረቤታሞቹ አሁን ለምን ይናቆራሉ?

ጎረቤት ስለሆኑ ነው እንጂ! በ2017 የማሌዥያ አዘጋጆች ለእንግዶች ባደሉት መጽሐፍ ላይ የኢንዶኔዥያን ባንዲራ ገልብጠው አተሙት። ቀይና ነጩ ሲገለበጥ የፖላንድ ይሆናል። ኢንዶኔዥያውያን በማኅበራዊ ሚዲያ ነደዱ፤ የማሌዥያው የስፖርት ሚኒስትር ኻይሪ ጀማሉዲን ይቅርታ ጠየቁ። በ2023 ካምቦዲያ የቡጢና የእርግጫ ፍልሚያውን «ሙአይ» ሳይሆን «ኩን ክመር» ብላ በራሷ ስም አስገባችው። ታይላንድ በዚያ ውድድር ተፋላሚ አልላከችም። ሁለቱም «ጥበቡ የእኔ ነው» ይላሉ።

ያ የስም ጠብ ነበር። በ2025 የሆነው ግን ከዚያ የከፋ ነው። አዘጋጇ ታይላንድ ነበረች፤ ከአስተናጋጆቹ አንዷ የነበረችውን ሶንግክላ ከተማን ጎርፍ ስለመታት ውድድሩ በባንኮክና በቾንቡሪ ተወሰነ። በዚያው ሰሞን በታይላንድና በካምቦዲያ ድንበር ላይ ተኩስ ተከፈተ። የካምቦዲያ ልዑካን ዲሴምበር 9 በመክፈቻው ላይ ባንዲራቸውን ይዘው አለፉ። በማግስቱ ቡድኑ በሙሉ ተጠቅልሎ ወጣ፤ ምክንያቱ የስፖርተኞቹ ቤተሰቦች ለደኅንነታቸው ስለሰጉ ነው ተባለ። ለዓመታት የተዘጋጁ ልጆች አንድም ጊዜ ሳይወዳደሩ ተመለሱ። ቀጣዩ ውድድር በ2027 ማሌዥያ ላይ ነው።