ካሳው ለማን?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ።

ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንዳንድ ዓመት የታክስ ማስገቢያው ቀን ይገፋና «ተመስገን» እንላለን። የሚገፋው ኤፕሪል 16 የከተማዋ በዓል ስለሆነ ነው። ባርነት እዚህ በሕግ የቀረበት ቀን።

ዘመኑ በፈረንጆቹ 1862 ነው። ባርነትን ላለመተው ከተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ጋር የሚካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዓመት ሞልቶታል። አብዛኞቹ የደቡብ ተወካዮች ከኮንግረስ ወጥተው ሄደዋል። እነሱ ባይሄዱ ሕጉ የሚያልፍ አይመስለኝም። ፕሬዚዳንት ሊንከን ፈረመ፤ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ነጻ ወጡ። ያ ሁሉም የሚያውቀው፣ በተገነጠሉት ግዛቶች ያሉት ባሪያዎች ነጻ ናቸው ያለው የሊንከን የነጻነት አዋጅ እንኳ ገና አልወጣም፤ እሱ የመጣው በቀጣዩ ጃንዋሪ ነው።

እስከዚህ ደስ ይላል። ጉዱ የሚጀምረው ገንዘቡ ላይ ነው። ሕጉ ካሳ መድቧል፤ ለአንድ ሰው በአማካይ እስከ 300 ዶላር። የሚከፈለው ለማን መሰላችሁ? ለጌታው! ለመንግሥት ታማኝ ነኝ ብሎ ይምላል፣ ይቀበላል። ነጻ የወጣው ሰውስ? አገር ለቅቄ ሄይቲ ወይም ላይቤሪያ ልሂድ ካለ እስከ 100 ዶላር። እዚሁ እኖራለሁ ካለ ሰባራ ሳንቲም የለችም።

ዋጋውንስ ማን ይተምን? ከባልቲሞር የባሪያ ነጋዴ ተጠራ። ሙያው ነዋ! ሰዎቹ በሕግ ነጻ ናቸው፤ ግን ዕድሜያቸው፣ ጤናቸው፣ የሚችሉት ሥራ ታይቶ አንዴ ደግሞ ዋጋ ወጣላቸው። ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት ባለንብረት ማስኮረፍ አይፈልግም። ባርነት የሚፈቀድባት ሜሪላንድ አጠገቡ አለች፤ እሷም ብትገነጠልስ? ስሌቱ ይገባኛል። ግን ያናድደኛል።

አንድ ሰው ግን አለ፣ ገብርኤል ኮክሊ የሚባል። ጥቁር ነው። ከሕጉ በፊት ሚስቱንና ልጆቹን በገንዘቡ ገዝቷቸዋል። እንግዲህ በወረቀት «ጌታቸው» እሱ ነው። ስለዚህ እንደ ነጮቹ ማመልከቻውን ይዞ ቀረበ፤ ካሳዬን ክፈሉኝ አለ። ከፈሉት! ከ1 ሺህ ዶላር በላይ። እኔ ይህን ሳነብ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ኮክሊ የቅዱስ አውግስጢኖስ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ካቋቋሙት ጥቁር ምዕመናን አንዱ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ ዩ ስትሪት አካባቢ ነው፤ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ በእግር ይደረሳል።